ጨው ክዳን ብቻ ነው ወይስ ነዳጁን በማብሰልም እጁ አለበት?

የአሞሌ_ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። መቀሌ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ልጅ እያለሁ ከአፋር ጨው የጫኑ ግመሎች በሰፈራችን ያልፉ ነበር። አያቴ አንድ አሞሌ ይገዙና በመጥረቢያ ይፈልጡታል። ቁራሹን ለላሟ ያስልሷታል፤ የቀረው ጓዳ ይገባል።

ባለፈው ሳምንት ስለ ዳሎል ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ጨው ባለበት ነዳጅ አለ ይባላል። እኛ ጋ ይህ ሁሉ ጨው እያለ ነዳጁ የት ሄደ?» አለኝ። ጨው ዘይትም ጋዝም የማያሳልፍ ጥሩ ክዳን እንደሆነ ነገርኩት። ከታች የሚመጣውን ነዳጅ ያግደዋል፤ ነዳጁም ከሥሩ ይጠራቀማል። ልጁ ግን አልረካም። «ክዳኑስ ገባኝ። ወጡን የሠራው ማነው?» አለ።

መልስ አልነበረኝም። መማሪያ መጽሐፋችን ክዳን ከማለት አያልፍም። ጨው በነዳጁ አፈጣጠር ላይ፣ ማለትም በምንጭ አለቱ ላይ የሚሠራው ነገር አለ? የምታውቁ እርዱኝ። ለልጁ የሆነ ነገር ይዤ መግባት እፈልጋለሁ።

ምድር_አንባቢ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:45

መምህር፣ ልጁን በእኔ ስም ያመስግኑልኝ። ትልቅ ጥያቄ ነው የጠየቀው። የእኔ ሥራ ይኸው ነው። ውጭ አገር ሆኜ የከርሰ ምድርን ሙቀት በኮምፒውተር አሰላለሁ። የትኛው አለት መቼ በሰለ፣ ዘይት ሰጠ ወይስ ጋዝ የሚለውን መገመት ነው። ምንጭ አለቱ የሚበስልበትን ጥልቅ ቦታ በሙያችን ኩሽና ነው የምንለው። ስለዚህ የልጁ «ወጥ» ምሳሌ ከእኛ አነጋገር ጋር ገጥሟል።

ምንጭ አለት ማለት የአልጌና የጥቃቅን ሕይወት ቅሪት ሳይበሰብስ የቀረበት አለት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥቁር ጭቃ ድንጋይ ነው። ቅሪቱ ሲቀበር ኬሮጅን የሚባል ነገር ይሆናል። ሙቀቱ በግምት ከ60 እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ዘይት ይወጣዋል። ከዚያ ካለፈ ጋዝ ነው። ቀድሞ የወጣው ዘይትም አለቱ ውስጥ ከቆየ ተሰባብሮ ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ እሳቱ ላይ ነው። ጨው ደግሞ እሳቱን ይቆጣጠራል።

ጨው ከሌሎች ደለል አለቶች ይልቅ ሙቀት በደንብ ያሳልፋል። በምንጠቀምበት መለኪያ፣ ማለትም በዋት በሜትር በኬልቪን፣ ጭቃ ድንጋይ 2 ገደማ ነው። ጨው 5 ገደማ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ከምድር ሆድ በየካሬ ሜትሩ 60 ሚሊ ዋት ሙቀት ይወጣል እንበል። ይህ የተለመደ ቁጥር ነው። ጭቃ ድንጋይ ውስጥ በየኪሎ ሜትሩ ወደታች በወረድን ቁጥር 30 ዲግሪ ይጨምራል። ጨው ውስጥ ግን የሚጨምረው 12 ዲግሪ ብቻ ነው። ጨዉ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ከሥሩ ያለው ምንጭ አለት በ36 ዲግሪ ይቀዘቅዛል።

36 ዲግሪ ትንሽ አይደለም። በ160 ዲግሪ ዘይቱ ወደ ጋዝነት ይሄድ የነበረ አለት በ124 ላይ ይቆያል። ዘይቱ ዘይት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ጥሩው ምሳሌ ብራዚል ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሳንቶስ በሚባለው ተፋሰስ ውስጥ፣ ከሪዮ ደ ጃኔሮ ባሕር ዳርቻ ርቆ፣ ቱፒ የተባለው ትልቅ የዘይት መስክ ተገኘ። መጀመሪያ ከ2 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ውኃ አለ። ከዚያ ደለል። ከዚያ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ጨው። ዘይቱ ያለው ከጨዉ ሥር ነው። ምንጩ ደግሞ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ሲለያዩ በመካከላቸው በተፈጠሩ ሐይቆች የተከማቸ ጭቃ ነው። ያ ጭቃ ያን ያህል ጥልቀት ላይ ተቀብሮ ዛሬም ዘይት የምናገኘው አንዱ ምክንያት ከላዩ ያለው ጨው ስላቀዘቀዘው ነው።

ጠያቂው_ሰው · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ይቅርታ ግን አልገባኝም። ሙቀት የሚያሳልፍ ነገር እንዴት ያቀዘቅዛል? ብረት ምጣድ ከሸክላ ምጣድ ቀድሞ አይደል እንዴ የሚግለው?

ምድር_አንባቢ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:41

ወንድሜ፣ ከምጣዱ በላይ ሆነህ ስለምታየው ነው። ከሥር ሆነህ አስበው።

ሙቀቱ የሚመጣው ከታች ነው፤ ከምድር ሆድ። ጭቃ ድንጋይ እንደ ጋቢ ነው። ጋቢ ተከናንበህ ስትተኛ የገላህ ሙቀት መውጫ አጥቶ ይሞቅሃል። አሁን ጋቢውን ገፍፈህ ነጠላ ልበስ። ይበርድሃል። ነጠላው በረዶ ስለሆነ አይደለም፤ ሙቀትህን ስለማይዝልህ ነው። ጨው ለምንጭ አለት ነጠላ ነው።

የብረት ምጣዱም ምሳሌ ስህተት አይደለም። ሙቀቱ በጨዉ አልፎ ወደላይ ስለሚወጣ፣ ከጨው ጉልላት አናት ላይ ያለው አለት ከጎረቤቱ ይልቅ ይሞቃል። ከሥር ይቀዘቅዛል፣ ከአናት ይሞቃል። አንዱ ጨው ሁለቱንም ያደርጋል።

ይህን በመከራ ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩበት ድርጅት ውስጥ ለአንድ ጉድጓድ ሙቀት ገመትን። ጨዉን በስህተት እንደ ጭቃ ድንጋይ ቆጥረነው ነበር። ስሌታችን ከጨዉ ሥር ያለው ሁሉ ተቃጥሎ ጋዝ ሆኗል አለ። ጉድጓዱ ሲቆፈር ቴርሞሜትሩ ካልነው በ30 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፋይል ስከፍት መጀመሪያ የማየው የጨዉን ቁጥር ነው።

ባለቴርሞሜትር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

ምድር_አንባቢ ያለው ትክክል ነው። እኔም በዚሁ ሙያ ስላለሁ ሁለት ነገር ልጨምር። መምህሩ ክፍል ውስጥ ስለሚያስተምሩት ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው፣ 5 የሚለው ቁጥር ቋሚ አይደለም። ጨው ሲሞቅ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል። ከምድር ገጽ አጠገብ 6 ሊጠጋ ይችላል፤ በ100 ዲግሪ ላይ ከ5 በታች ይወርዳል። ለወፍራም ጨው አማካይ ሆኖ 5 ይሠራል።

ሁለተኛው ይበልጣል። ጨዉ እንደ ምንጣፍ ጠፍጣፋና ሰፊ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ያቀዘቅዛል እንጂ ከላዩ ያለውን አያሞቅም። ከላይ ያለው አለት የሚደርሰው ያው የተለመደው ሙቀት ነው። ከአናት የሚያሞቀው ጨዉ ተነስቶ ጉልላት ወይም ዓምድ ሲሠራ ነው። ያኔ ከዙሪያው ያለው ሙቀት ቀላሉን መንገድ መርጦ ወደ ዓምዱ ይሰበሰባል። እንደ ጭስ ማውጫ ማለት ነው።

ጨው ደግሞ ይነሳል! ይህን ተማሪዎችዎ ይወዱታል። ጭቃ ሲቀበር እየተጨመቀ ክብደቱ ይጨምራል። ጨው ግን አይጨመቅም፤ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.2 ግራም ገደማ ሆኖ ይቀራል። ከተወሰነ ጥልቀት በታች ጨው በላዩ ከተጫነው አለት የቀለለ ይሆናል። በረጅም ዘመን ደግሞ እንደ ሊጥ ይፈሳል። ስለዚህ ደካማ ቦታ ፈልጎ ወደላይ ይወጣል። ጨዉ ከለቀቀው ቦታ ላይ ደግሞ ደለሉ ይሰምጣል። ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ እንዲህ የሰመጡ ብዙ ትናንሽ ተፋሰሶች አሉ። እዚያ ውስጥ የገባ ምንጭ አለት ከጎረቤቱ ቀድሞ በጥልቀት ይቀበራል፤ ቀድሞም ይበስላል። ስለዚህ «ጨው ያቀዘቅዛል» ብለን ብቻ ብንሄድ ግማሹን ነው የያዝነው። ጨው ምንጭ አለቱን ራሱን ከቦታ ቦታ ያንቀሳቅሳል።

የአሞሌ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። የጋቢና የነጠላውን ምሳሌ ወስጃለሁ።

ግን አንድ ነገር ይቀረኛል። ልጁ «ጨው ባለበት ነዳጅ አለ» ያለው ከየት የመጣ ነው? እንዲያው የሰው ወሬ ነው?

ባለቴርሞሜትር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:12

ወሬ ብቻ አይደለም። ጃንዋሪ 10 ቀን 1901 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ ቦሞንት አጠገብ፣ ስፒንድልቶፕ በሚባል ኮረብታ ላይ ዘይት ፈንድቶ ወጣ። ኮረብታው ከሥሩ የጨው ጉልላት ነበር። አንቶኒ ሉካስ የተባለው መሐንዲስ የጨው ጉልላት አጠገብ ዘይት ይኖራል ብሎ ሲል ብዙ ሰው አላመነውም ነበር። ጉድጓዱ በቀን እስከ 100,000 በርሜል አፈሰሰ ተብሎ ተገመተ። ከዚያ በኋላ በዚያ ጠረፍ ሁሉም ጨው ፈላጊ ሆነ።

እዚያ ግን ጨዉ የሠራው የወጥመድ ሥራ ነው። እየተነሳ አለቶቹን አጎበጣቸው፤ ዘይቱም ከጎኑና ከአናቱ ላይ ተጠራቀመ። ዘይቱን የሰጠው ምንጭ አለት ሌላ ነው።

ሖራ_ሰፈር · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:30

እኔ ነዳጅ አላውቅም፤ ባዮሎጂ ነው የተማርኩት። ስለ እሳቱ ብዙ ተባለ። ወጡ የሚሠራበት እህልስ? ምንጭ አለት ከአልጌ ነው ካላችሁ፣ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል?

የምጠይቀው ቢሾፍቱ ስላደግኩ ነው። እዚያ አረንጓዴ ሐይቅ አለ። ውኃው ሶዳማ ነው፤ እጅ ላይ ያሟልጫል። ልጅ እያለን በጣሳ ስንቀዳው የአተር ክክ ሾርባ ይመስል ነበር። ያ ሁሉ አረንጓዴ ስፓይሩሊና ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ጥናት የዚህን ሐይቅ ፎቶሲንተሲስ በተፈጥሮ ውኃ ከተለኩት ከፍተኛዎቹ መካከል አስቀምጦታል። ዓሣ ግን የለበትም። በላተኛ ከሌለ ያ ሁሉ ሲሞት የት ይሄዳል ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ።

ምድር_አንባቢ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

እህቴ (ወንድሜም ከሆንክ ይቅርታ)፣ ጥያቄውን ራስሽ መልሰሽዋል። ነገሩ ያለው እዚያው ነው።

ውኃ ጨው ወይም ሶዳ ሲበዛበት የሚኖርበት ዓይነት ይቀንሳል። የሚችሉት ጥቂቶቹ ግን በገፍ ይራባሉ፤ የሚበላቸው የለማ። ሲሞቱ ወደታች ይወርዳሉ። ጨዋማ ውኃ ኦክስጅን በደንብ አይዝም፤ ያለችውንም የሚበሰብሰው ነገር ቶሎ ይጨርሳታል። በዚህ ላይ ጨዋማው ውኃ ከባድ ስለሆነ ከታች ይተኛል፤ ቀላሉ ከላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱ አይቀላቀሉም። የታችኛው ኦክስጅን አጥቶ ይዘጋል። ቋንጣ በጨው እንደሚቆይ ሁሉ የአልጌው ቅሪትም እዚያ ሳይበሰብስ ይቆያል። ቋንጣው የሚቆየው ግን ጨው ስለገባበት ነው፤ የሐይቁ ቅሪት ደግሞ አየር ስላላገኘው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከመጠን ካለፈ አይሠራም። ውኃው ጨው መጣል እስኪጀምር ድረስ ጨዋማ ከሆነ፣ አልጌውም ይጠፋል። ስለዚህ ነጩ ጨው ራሱ ምንጭ አለት አይደለም። ምርጡ ምንጭ አለት ያለው ጨዋማነቱ መካከለኛ በነበረበት ዘመን በተኛው ጭቃና ኖራ ውስጥ ነው። ብዙ ቦታ ከጨዉ ንጣፍ ሥር ወይም በጨዉ ንጣፎች መካከል ይገኛል።

ሙት_ባሕር_ዳር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

እኔ እስራኤል ነኝ፤ ሙት ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ። ይህን ክር ሳነብ እጄ ላይ ያለውን ሥራ አቁሜ ነው የገባሁት።

ያላችሁት ሁሉ እዚህ በዓይን ይታያል። ከሥራ ቦታዬ ወደ ደቡብ ሲኬድ የሰዶም ተራራ አለ። ተራራው ጨው ነው። አስጎብኚዎች አንዱን ዓምድ የሎጥ ሚስት ናት እያሉ ያሳያሉ። አንድ የጂኦሎጂ ሰው አብሮን ተሳፍሮ፣ ተራራው ዛሬም በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እየተነሳ እንደሆነ ነገረን። ባለቴርሞሜትር ስለ ጨው መነሳት ያልከውን ሳነብ እሱ ትዝ አለኝ።

ሌላው ደግሞ ዝፍቱ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 14 ላይ በሲዲም ሸለቆ የዝፍት ጉድጓዶች እንደነበሩ ተጽፏል። በድሮ ዘመን ትላልቅ የዝፍት ቋጥኞች ባሕሩ ላይ ተንሳፍፈው ይገኙ ነበር። ግሪኮችና ሮማውያን ሐይቁን የዝፍት ሐይቅ ይሉት ነበር። ግብፆች ዝፍቱን ለሬሳ ማድረቂያ ይገዙት ነበር። እኔም ከአለት ስንጥቅ ውስጥ የወጣ ቁራሽ በእጄ ይዤ አውቃለሁ። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይለሰልሳል፣ ይሸታል። የአስፋልት ሽታ ብቻ አይደለም፤ ድኝ ድኝ ይላል።

እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ድረስ የሙት ባሕር የታችኛው ውኃ ከላይኛው ጋር አይቀላቀልም ነበር ይባላል። ምድር_አንባቢ፣ ያልከው ይሄ ነው?

ምድር_አንባቢ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

እሱው ነው። የታችኛው ውኃ ለረጅም ዘመን ኦክስጅን አጥቶ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይዞ ተዘግቶ ነበር። ወደ ባሕሩ የሚገባው ንጹሕ ውኃ ሲቀንስ የላይኛው ጨዋማነት ጨመረ፤ ከበደም። እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለቱ ተገላብጠው ተቀላቀሉ።

ድኝ ስላልሽው ሽታ ግን ቆም እንበል። ዝፍቱ የመጣው ከሙት ባሕር ጭቃ አይደለም፤ ከዚያ በጣም ከቀደመ፣ ዳይኖሰሮች ሳይጠፉ በፊት ባሕር ውስጥ ከተኛ ድኝ የበዛበት ኖራማ ምንጭ አለት ነው። ኖራማ ባሕር ውስጥ ብረት ጥቂት ነው። ባክቴሪያዎች ባሕር ውኃ ውስጥ ካለው ሰልፌት (ድኝ ያለበት ውሑድ) ላይ ድኝ ሲያወጡ የሚይዘው ብረት ከሌለ ድኙ ቅሪቱ ውስጥ ይገባል። የድኝና የካርቦን ማያያዣ ደግሞ ደካማ ነው፤ በትንሽ ሙቀት ይበጠሳል። ስለዚህ ድኛም ኬሮጅን ከሌላው ቀድሞ፣ ባነሰ ሙቀት ዘይት ይሰጣል። ዘይቱ ግን ወፍራምና ከባድ ይሆናል። ያ በእጅሽ የያዝሽው ዝፍት ከዚህ ዓይነት ዘይት የተረፈ ነው።

ባለሄልሜት · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:40

ሰላም፣ የአረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ጋዝ ማጣሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ስለዚያ የእንቁላል ሽታ የምለው አለኝ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ደረታችን ላይ ትንሽ ጠቋሚ መሣሪያ እናንጠለጥላለን፤ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 እጅ) ላይ ትጮኻለች። ስትጮኽ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይተን ነው የምንሮጠው። መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። እዚህ የመጡ ልጆቻችን ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

የሚገርመኝ ግን አንዱ ጉድጓድ ሞልቶት ሌላው የለውም። ይህም ከጨው ጋር ይያያዛል?

ባለቴርሞሜትር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:25

ይያያዛል፤ ከገበታ ጨው ጋር ሳይሆን ከወንድሙ ጋር። ባሕር ሲተን ከጨው በፊት የሚወርደው ጂፕሰም ነው። ሲቀበርና ሲሞቅ ውኃውን አጥቶ አንሃይድራይት ይሆናል፤ ካልሲየም ሰልፌት ማለት ነው። ዘይት ወይም ጋዝ ከአንሃይድራይት ጋር ተያይዞ ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ሁለቱ ይጣላሉ። የጋዙ ዋና ክፍል የሆነው ሜቴን ሰልፌቱን ያጠቃዋል። ውጤቱ ኖራ ድንጋይ፣ ውኃና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። በእናንተ አካባቢ ኩፍ በሚባለው ጥልቅ አለት ውስጥ አቡ ዳቢ ላይ ይህ በደንብ ተጠንቷል። ያልሞቀው ጉድጓድ ንጹሕ፣ የሞቀው መርዛም የሚሆነው ለዚህ ነው።

ካዛክስታን ውስጥ ካሻጋን የሚባል ትልቅ መስክ አለ፤ ወፍራም ጨው ሥር ነው ያለው። ከዘይቱ ጋር የሚወጣው ጋዝ ከ15 በመቶ በላይ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ማምረት ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቧንቧው ተሰነጣጥቆ ቆመ። የተመለሰው በ2016 ነው።

ወንድሜ ባለሄልሜት፣ ጠቋሚህን አታውልቅ።

ጠያቂው_ሰው · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:10

የመምህሩ ተማሪ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ዳሎል ላይ ነዳጅ አለ ወይስ የለም?

ምድር_አንባቢ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

የዳሎል ጨው በጣም ወጣት ነው። በዳናክል ዝቅተኛ ቦታ ዙሪያ ያለው የኮራል አለት ከ120 ሺህ ዓመት በፊት አካባቢ ቀይ ባሕር እዚያ እንደነበረ ይመሰክራል። ያ ባሕር ተነነና ጨው ተወ። ብራዚል ላይ ያልነው ጨው ከ110 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ነዳጅ የሚያስፈልገው ቅሪት የበዛበት ምንጭ አለት፣ በቂ ጊዜና ልከኛ እሳት ነው። ዳሎል ላይ እሳቱ የእሳተ ገሞራ ነው፤ ልከኛ አይደለም። ጨው መኖሩ ብቻውን ነዳጅ አለ አያሰኝም። ለልጁ ይህን በግልጽ ይንገሩት።

ኦጋዴንን ግን ያንሱለት። ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ምንጭ አለቱ ቦክ ሼል ይባላል፤ ከ250 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ የመጣ ጥቁር ጭቃ ድንጋይ ነው። ጋዙ ከሚገኝባቸው አለቶች አንዱ አዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል። አዎ፣ በእናንተው አዲግራት የተሰየመው። ተማሪዎችዎ ገደሉ ላይ የሚያዩት ቀይ ድንጋይ ኦጋዴን ላይ ኪሎ ሜትሮች ወርዶ ጋዝ ይዟል። ከላዩ የሐማንሌይ አለት ውስጥ የአንሃይድራይት ንጣፎች አሉ፤ እንደ ብራዚሉ ያለ ወፍራም ጨው ግን አይደሉም። ስለዚህ እዚያ ኩሽናውን ያቀዘቀዘ ነጠላ አልነበረም።

የአሞሌ_ልጅ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:15

ዛሬ ክፍል ውስጥ ሞከርነው። ከገበያ አሞሌ ገዛሁ፤ በመጋዝ 4 ሳንቲም ውፍረት ቆረጥኩት። በዚያው ልክ የሸክላ ጡብ አዘጋጀሁ። ሁለቱን ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በተቀመጠ ብረት ላይ አደረግን። በየአናታቸው አተር የምታክል ቅቤ አስቀመጥን። የጨዉ ቅቤ በ4 ደቂቃ ቀለጠ። የጡቡ 13 ደቂቃ ፈጀ። ጠያቂው ልጅ ሰዓት ይዞ ነበር። «ታዲያ ከጡቡ ሥር ነው ሙቀቱ የታፈነው» አለ፤ ማንም ሳይነግረው።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠን። ጨዉ ሲሞቅ ይንጣጣ ጀመር፤ ፍንጣሪው አንዷን ልጅ ክንዷን ነካት፤ ደግነቱ አልጎዳትም። ለምንድነው?

ባለቴርሞሜትር · ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:02

ውስጡ ውኃ ስላለ ነው መምህር። ክሪስታሉ ሲያድግ ከነበረበት ጨዋማ ውኃ ጥቂት ጠብታ ውስጡ ይዘጋበታል። ሲሞቅ ጠብታዋ ትሰፋና ክሪስታሉን ትሰብረዋለች። ሚሊዮኖች ዓመት ያስቆጠረ ጨው ውስጥ ያሉትን እንዲህ ያሉ ጠብታዎች ተመራማሪዎች የጥንት ባሕር ውኃ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ይጠቀሙባቸዋል። በሚቀጥለው ጊዜ መነጽር አድርጉ፣ እሳቱንም ቀንሱ።

ቀጭን ስባሪ ወስደው በማጉያ መነጽር ብርሃን ላይ ያሳዩአቸው። ካሬ ካሬ የሆኑ ጥቃቅን ጉድጓዶች ካዩ፣ ውኃው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የአሞሌ_ልጅ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:20

ስባሪው ኪሴ ውስጥ ነው። ሰኞ ማጉያ ይዤ እገባለሁ።